የባጂ ወፍ አያያዝ፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ወፏን ከመግዛት በፊት የሚነሡት ጥያቄዎች ከላይ፣ ቤት ከገባች በኋላ የሚመጡት ከታች ተቀምጠዋል።

ባጂና በቀቀን አንድ ናቸው? ስንት ዓመትስ ትኖራለች?

ባጂ ከበቀቀን ወገን የሆነች ትንሽ ወፍ ናት። ከራሷ እስከ ጅራቷ ጫፍ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ ክብደቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ግራም ነው። አገሯ አውስትራሊያ ነው። እዚያ በደረቁ ምድር በትልልቅ መንጋ እየዞረች የሣር ፍሬ ትለቅማለች፣ የባሕር ዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ ትፈለፍላለች። የዱሯ አረንጓዴና ቢጫ ብቻ ናት። ሰማያዊው፣ ነጩና ግራጫው ቀለም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1840 ወደ እንግሊዝ ከገባች ወዲህ በሰው እጅ ስትራባ ነው።

በደህና ከተያዘች ከ5 እስከ 10 ዓመት ትኖራለች፤ ከዚያም ያለፉ አሉ። ስለዚህ ለልጅ የልደት ስጦታ ብሎ ከመግዛት በፊት፣ ልጁ ሲሰለቻት ማን እንደሚንከባከባት መወሰን ያስፈልጋል።

አንድ ልግዛ ወይስ ሁለት?

ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ከሌለ ሁለት። ባጂ የመንጋ ወፍ ናት፤ ብቻዋን ስትውል ትጮኻለች፣ ላባዋን ትነጫለች ወይም ድምፅዋን አጥፍታ ትቀመጣለች። «ሁለት ከሆኑ ሰው አይለምዱም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይለምዳሉ።

አብሮ ለማኖር የሚቀለው ሁለት ወንድ ነው። ሁለት ሴት፣ በተለይ ኬጁ ጠባብ ከሆነ፣ ደም እስኪፋሰሱ ሊጣሉ ይችላሉ። ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ የመፈልፈያ ሣጥን አይስጡ። ብዙ ሻጮች ከኬጁ ጋር ይመርቁታል፤ ተቀብለው ያስቀምጡት እንጂ አይስቀሉት።

ወንድና ሴት፣ ወጣትና ጎልማሳ በምን ይለያሉ?

ከምንቁሯ በላይ የአፍንጫ ቀዳዳዎቿ ያሉበትን ለስላሳ ክፍል ይመልከቱ። በጎልማሳ ወንድ ደማቅ ሰማያዊ ነው። በጎልማሳ ሴት ቡናማ ወይም ነጣ ያለ ይሆናል። በጫጩትነት ወንዱ ሐምራዊ መሰል ሮዝ፣ ሴቷ ደግሞ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላት ናት። ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ቢጫ ወይም ዝንጉርጉር በሆኑት ላይ ይህ ምልክት ያሳስታል፤ ወንዱ ካደገም በኋላ ሮዝነቱን ይዞ ሊቀር ይችላል።

ዕድሜዋን ከግንባሯ ያነቡታል። ጥቁሮቹ ሰረዞች እስከ አፍንጫዋ ከወረዱና ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ከሆነ ከ3 ወይም ከ4 ወር በታች ናት። ለማልመድ የሚመረጠው ይህ ዕድሜ ነው። ግንባሯ ከጠራና የዓይኗ ብሌን ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት ካወጣ አድጋለች ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ ሲገቡ አሥር ደቂቃ ያህል ራቅ ብለው ይመልከቱ። ወፍ ሰው ሲጠጋት ሕመሟን ስለምትደብቅ፣ ሻጩ እጁ ላይ አድርጎ ሲያሳይዎ ሁሉም ጤነኛ ይመስላሉ። ላባዋ ከሰውነቷ ጋር የተጣበቀ፣ አፍንጫዋ ደረቅ፣ ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ ከኩስ ንጹሕ የሆነውን ይምረጡ። ከመካከላቸው አንዷ እንኳ ላባዋን ነፍታ ጥግ ላይ ተኮራምታ ካዩ ከዚያ ኬጅ የትኛዋንም አይግዙ።

ኬጁ ምን ያህል ይሁን? የት ላስቀምጠው?

ለሁለት ወፍ ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ወርድና 45 ቁመት ያስፈልጋል። ከቁመቱ ይልቅ ርዝመቱ ይበልጣል፤ ባጂ የምትበረው ወደ ጎን ነው። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ12 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ካለፈ ራሷን አሾልካ ትታነቃለች። ክብና ያጌጠው ኬጅ ለዓይን ያምራል፣ ለወፏ ግን አይሆንም። ዘንጎቹ ወደ ላይ ሲጠብቡ ጣቷ ይቀረቀራል፤ ስትፈራ የምትሸሽበትም ጥግ የለውም።

ከኬጁ ጋር የሚመጡት ለስላሳ የፕላስቲክ መቆሚያዎች ውፍረታቸው አንድ ዓይነት ነው። ቀን ከሌት አንድ ቦታ ላይ ሲጫናት የእግሯ መዳፍ ይቀላል፣ ከዚያ ይቆስላል። ስለዚህ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ ጠመዝማዛ የተፈጥሮ ቅርንጫፎች ይጨምሩ። ባሕር ዛፍና ዘይቶን ይሆናሉ፤ የአቮካዶ ግን አይሁን። መድኃኒት ካልተረጨ ዛፍ ይቁረጡ፣ በሙቅ ውኃ ይፈትጉ፣ በፀሐይ ያድርቁ፤ ቅርፊቱን ግን አይላጡ፣ እሱን መቦጨቅ መጫወቻዋ ነው። የአሸዋ ወረቀት የተጠቀለለበት መቆሚያ ጥፍር ያሳጥራል እየተባለ ይሸጣል። ጥፍሩን ሳይሆን መዳፏን ነው የሚፍቀው።

ኬጁ በሰው ደረት ወይም ዓይን ቁመት፣ አንዱ ጎኑ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ቤተሰቡ በሚውልበት ክፍል ይቀመጥ። ወጥ ቤት አይሆንም። ከመስኮት ሥር ከሆነ ፀሐይ በመስታወት በኩል ስትገባ የምትሸሽበት ጥላ ይኑራት።

ምን ትብላ? በቀን ስንት ጊዜ?

መሠረቱ የትናንሽ እህሎች ቅልቅል ነው። ለአንድ ወፍ በቀን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ነጭ ሚሌትና ካናሪ ሲድ የተለመዱት ናቸው። እነዚህ በማይገኙበት አገር ዳጉሳና ጤፍ በደንብ ያገለግላሉ፤ ሁለቱም የሣር ወገን ፍሬ ናቸው፣ እሷም በዱር የምትለቅመው ይህንኑ ነው። ሱፍ፣ ኑግና ተልባ ዘይታቸው ብዙ ነው። ኑግ በአውሮፓና በአሜሪካ የወፍ ምግብ ሱቆች በየጆንያው ይሸጣል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ለሚበሩ የግቢ ወፎች ነው። ኬጅ ውስጥ ለምትውል ባጂ በሳምንት አንድ ቁንጢት ይበቃታል፤ ከበዛ ጉበቷ ስብ ይይዛል።

እህል ብቻ የምትበላ ባጂ ለወራት ደህና ትመስላለች፣ ከዚያ የቫይታሚን ኤ፣ የካልሲየምና የአዮዲን እጥረት ይወጣባታል። ስለዚህ በየቀኑ አረንጓዴ ነገር ይጨምሩ፦ በደቃቁ የተከተፈ ጎመን፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ብሮኮሊ፣ የድንብላል ቅጠል። ቆስጣ አልፎ አልፎ ይሁን፣ ካልሲየም ወደ ሰውነቷ እንዳይገባ ይይዝባታልና። ቃሪያም ከነፍሬው ይሰጣታል፤ ማቃጠሉ ለሰው እንጂ ለወፍ አይሰማትም። ፍራፍሬ ስኳር ስላለው ትንሽ ብቻ። ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በኋላ የተረፈውን ትኩስ ነገር ያንሡ። ኬጁ ላይ ካትልቦን (የባሕር እንስሳ ነጭ የውስጥ አጥንት) ወይም አዮዲን ያለበት የማዕድን ድንጋይ ይታሰር። ውኃዋ በየቀኑ ይቀየር፤ ኩስ ከገባበት ወዲያው።

ፋብሪካ የሚያዘጋጀው ፔሌት (ተጨምቆ እንደ እንክብል የተሠራ መኖ) ከእህል የተሻለ የተመጣጠነ ነው፤ ነገር ግን እህሉን ባንድ ቀን አንሥቶ በፔሌት መተካት አደገኛ ነው። ባጂ የማታውቀውን ነገር ምግብ ነው ብላ አትቀበልም፤ ሳህኑ አጠገብ ቆማ በረሃብ ልትሞት ትችላለች። ለጥቂት ሳምንታት እያቀላቀሉ፣ ክብደቷን እየመዘኑ ያሸጋግሯት።

ሳህኗ ሙሉ ነው፤ ታዲያ ለምን ትከሳለች?

ሳህኑ ሙሉ ላይሆን ይችላል። ባጂ እህሉን በምላሷ ወደ ላይኛው ምንቁሯ አስደግፋ ታሽከረክረዋለች፣ በታችኛው ጠርዝ ትሰነጥቀዋለች፣ ፍሬውን ውጣ እብቁን እዚያው ሳህኑ ላይ ትጥለዋለች። ማታ ላይ ሲታይ እህል የሞላ ይመስላል፤ በጣት ሲነኩት ግን ላዩ በሙሉ ቀላል ባዶ ቅርፊት ነው፣ ፍሬው ከሥር ተቀብሯል ወይም አልቋል። አዲስ ባለቤቶች ወፋቸውን ሳያውቁ የሚያስርቡት በብዛት በዚህ ነው። ጠዋትና ማታ ሳህኑን ደጅ ወስደው እፍ ይበሉበት፤ ምን ያህል እንደቀረ ያኔ ይታያል።

እህሉን ፈልፍላ ስለምትበላ እህሉን ሆዷ ውስጥ ይፈጭላታል እየተባለ የሚሸጠው ጠጠርና አሸዋ አያስፈልጋትም።

በፍጹም የማይሰጣት ምን አለ?

አቮካዶ ከሁሉ ይቀድማል፤ በውስጡ ያለው ፐርሲን የተባለ ነገር ልቧን ይመታል፣ ትንሹም ሊገድላት ይችላል። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሻይና አልኮል አይቀመሱም። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ የአፕል ዘርና የኮክ ፍሬ ድንጋይም እንዲሁ።

የሰው ወጥ ጨውና ዘይት አለበት፣ ሽንኩርቱም ውስጡ ነው፤ ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ ከማዕድ ላይ ማጉረስ ይቅር። በአፍ ይዞ ማጉረስማ ከዚያ ይብሳል፤ በሰው ምራቅ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ለእሷ በሽታ ናቸው።

ቡና ሲፈላና ዕጣን ሲጨስ እዚያው ብትሆን ምን ይሆናል?

ይጎዳታል። ወፍ ከሳንባዋ ሌላ በሰውነቷ ውስጥ የተዘረጉ የአየር ከረጢቶች አሏት። አየሩ በሳንባዋ የሚያልፈው ባንድ አቅጣጫ ነው፤ ስትተነፍስም ከአየሩ የምታወጣው ኦክስጅን ከእኛ ይበልጣል። መርዙንም እንደዚያው አብልጣ ትስባለች። የሚቆላ ቡና ጭስ፣ የዕጣኑ ጭስና ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ባንድ ላይ ሲሆኑ ለእንግዳ ዓይን ማስለቀሻ፣ ለእሷ ግን የትንፋሽ አደጋ ናቸው። ቡናውን ማስቀረት አይጠበቅብዎም። ከመቆላቱ በፊት ወፏን በር ወደሚዘጋ ሌላ ክፍል ይውሰዷት፣ መስኮት ይከፈት፣ ክፍሉ ከጠራ በኋላ ትመለስ። በረሮና ትንኝ መግደያ ፍሊት፣ ሽቶ፣ ሲጋራና መዓዛ ያለው ሻማም ከዚሁ ይቆጠራሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሽታም ጭስም የለውም። በቴፍሎን የተለበጠ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የሚለቀው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ሌላ ክፍል መሆኗም ሁልጊዜ አያድናትም። የማያጣብቅ ልባስ ያላቸው የኤሌክትሪክ ምጣዶች፣ ካውያዎችና አንዳንድ የክፍል ማሞቂያዎችም ይህንኑ ልባስ ሊይዙ ይችላሉ። ወፍ ላለበት ቤት ብረት ድስትና የሸክላ ምጣድ ይመረጣሉ።

እጄ ላይ እንድትቆም እንዴት ላልምዳት?

የመጀመሪያዎቹን ከሦስት እስከ አምስት ቀናት አይንኳት። ምግብና ውኃ ቀይረው፣ አጠገቧ ተቀምጠው ዝግ ባለ ድምፅ ያውሩ። ከላይ ወደ ታች እጅ አይስደዱ፤ በዱር ከላይ የሚመጣባት ጭልፊት ነው።

መብላቷንና መንጫጫቷን ስትጀምር እጅዎን ከኬጁ ውጭ አስደግፈው ያቆዩ። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ በጣቶችዎ መካከል የሚሌት ዘለላ ይዘው። አንገቷን አስግጋ ልትነቅል ትሞክራለች፤ በየቀኑ ዘለላውን ወደ መዳፍዎ እየሳቡ ያሳጥሩት፣ አንድ እግሯን እጅዎ ላይ ሳታሳርፍ እንዳትደርስበት። እሱን ስትለምድ ጠቋሚ ጣትዎን የሆዷ ታችኛው ክፍል ላይ፣ ከእግሮቿ ፊት አስጠግተው በቀስታ ይጫኑ፤ ሚዛኗን ለመጠበቅ ትወጣለች። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በአንዴ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ላባዋን አጥብቃ፣ ሰውነቷን አቅጥና ከቆመች ፈርታለችና ያቁሙ። በጨርቅ አፍኖ በግድ መያዝ ለሳምንታት የተሠራውን ባንድ ቀን ያፈርሳል።

ታወራለች?

ወንዶቹ ይሻላሉ፣ ሴቶቹም አልፎ አልፎ። በካሊፎርኒያ የነበረ ፐክ የሚባል ወንድ ባጂ በ1,728 ቃላት በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል፤ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ከእሱ ጋር አያወዳድሩ። አጭር ቃል በደስታ ድምፅ ደጋግሞ መናገር ነው ዘዴው፤ ቃሉን ቢይዝም ፈጥኖ ስለሚያጉተመትም ጆሮ ካልሰጡት ያልፍዎታል። ኬጅ ውስጥ መስታወት ከተሰቀለ ከሰው ይልቅ ከራሱ ምስል ጋር ያወራል፣ የዋጠውን ምግብ እያወጣም ሊያጎርሰው ይሞክራል። ያን ካዩ መስታወቱን ያውጡት።

ከኬጅ ላውጣት? ክንፏን ማስቆረጥ ይሻላል?

በየቀኑ አንድ ሰዓት እንኳ ብትበር ጤናዋ ይለወጣል። ከመክፈትዎ በፊት በርና መስኮት ይዘጋ፣ መጋረጃ ይሳብ፤ መስታወት እንደሆነ ስለማታውቅ በሙሉ ፍጥነት ትጋጨዋለች። ቬንትሌተር ይጥፋ፣ የሽንት ቤቱና የውኃ ባልዲው ክዳን ይደፈን፣ ድመትና ውሻ ይውጡ። ለመመለስ አያሳድዷት፤ ከመውጣቷ በፊት ምግቧን አንሥተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ኬጁ ውስጥ ቢያስቀምጡት ራሷ ትገባለች።

ክንፍ መቁረጥን አንመክርም። በዝቶ የተቆረጠባት ወፍ እንደ ድንጋይ ትወድቃለች፣ ደረቷን ትሰነጥቃለች።

ሌሊት ይበርዳታል? ስንት ሰዓት ትተኛ?

በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚቆይ ጨለማና ጸጥታ ያስፈልጋታል፤ ቴሌቪዥን እኩለ ሌሊት ድረስ በሚበራበት ሳሎን ከሆነች ማታ ሌላ ክፍል ትደር። ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማታል። ብርድ ብቻውን ብዙም አይደለም፤ የሚጎዳት ነፋስና ድንገተኛ ለውጥ ነው። በደጋ ከተሞች ሌሊት ኬጁን በሦስት ጎን በጨርቅ ሸፍነው አንዱን ለአየር ይተዉ። ከሰል አያስገቡ። ዱባይም ሆነ ሪያድ ላሉ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የኤሲው ንፋስ በቀጥታ እንዳያገኛት ኬጁን ያዙሩ። ምንቁሯን ከፍታ ክንፏን ከሰውነቷ ካራቀች ሞቋታል።

ላባዋ እየረገፈ ነው። ታማ ይሆን?

መጀመሪያ በ3 ወይም በ4 ወሯ፣ ከዚያ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ላባ ትቀይራለች። ራሷ ላይ እሾህ የመሰሉ ነጫጭ ቡቃያዎች ይወጣሉ፣ ትቆጣለች፣ ትተኛለች። ሁለት ሦስት ሳምንት ነው። ለብ ያለ ውኃ በዝርግ ሳህን ጠዋት ጠዋት ይስጧት፤ ትታጠባለች፣ ያሳክካትም ይቀንሳል። ሳሙና የለም። የተላጠ ባዶ ቆዳ ከታየ ግን ላባ መቀየር አይደለም፤ ሐኪም ይያት።

መታመሟን በምን ልወቅ? ምን ላድርግ?

የኩሽና ሚዛን ይግዙ፣ ግራም የሚለካ። በየሳምንቱ ጠዋት ከመብላቷ በፊት ይመዝኗት። 35 ግራም የነበረች ወፍ 3 ግራም ተኩል ከቀነሰች አንድ አሥረኛ ሄዷል፤ ዓይን ይህን አያይም፣ ላባው ይሸፍነዋል።

ሌላው ምልክት ኩስ ነው። ለዚህም ኬጁ ሥር ነጭ ወረቀት ይነጠፍና በየቀኑ ይቀየር። ጤነኛው ሦስት ነገር አለው፦ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ጥቅል፣ ነጭ ክፍልና ትንሽ ጥርት ያለ ውኃ። ነጩ ከቢጫ ወይም ከአረንጓዴ ከተደባለቀ፣ ያልተፈጨ እህል ከወጣ፣ ጥቁርና ሙጫ መሰል ከሆነ ችግር አለ። ቀን ላባ ነፍቶ መተኛት፣ በትንፋሽ ልክ ጅራት ማወዛወዝ፣ ወለል ላይ መቀመጥ ደግሞ የዛሬ እንጂ የነገ ጉዳይ አይደሉም። ወደ ሐኪም እስክትደርስ ትንሽ ሣጥን ውስጥ በ28 ወይም በ30 ዲግሪ ሙቀት፣ ምግብና ውኃ አጠገቧ አድርገው ያቆዩአት። ወፍ የሚያይ ሐኪም ማን እንደሆነ ወፏን ሳይገዙ ጠይቀው ይወቁ፤ ብዙዎቹ ከብትና ዶሮ ነው የሚያክሙት።

ምንቁሯና አፍንጫዋ ላይ የማር እንጀራ የመሰለ ቀዳዳ ያለው ቅርፊት ካዩ ቅንቅን ነው፤ በአይቨርሜክቲን ይድናል። ለከብት የሚሸጠውን ግን በራስዎ አይስጧት፤ መጠኑ ካልተሰላ ለእንዲህ ያለች ወፍ ገዳይ ነው። ለሰው የተገዛ አንቲባዮቲክም ውኃዋ ውስጥ አይጨመርም።

ወንድ የለም፣ እሷ ግን እንቁላል ጣለች። ምን ይደረግ?

እንደ ዶሮ ያለ ወንድም ትጥላለች፤ እንቁላሉ አይፈለፈልም። ወዲያው ከወሰዱባት ለመተካት ሌላ ትጥላለች፣ ካልሲየሟም ያልቃል። እዚያው ይተዉላት፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ታቅፋ ስትሰለች ትተዋለች፣ ያኔ ያንሡ። ጨለማ ጥጎችንና ሣጥን መሰል ነገሮችን ያስወግዱ፣ የምትተኛበትን ሰዓት ያርዝሙ፣ ካትልቦን አይጥፋ። እግሯን አንፈራጥጣ ወለል ላይ ካማጠች እንቁላሉ ተቀርቅሯል ማለት ነው፤ ሞቃት ቦታ አድርገው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም።

ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አለባት?

ሲታኮሲስ የሚባል አለ፣ ከደረቀ ኩስ በሚነሣ አቧራ የሚተላለፍ። በሰው ላይ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ወፍ እንዳለዎት ለሐኪሙ ካልነገሩት በጉንፋን ያልፋል። በዶክሲሳይክሊን ይታከማል። ወረቀቱን ሲቀይሩ ውኃ ረጭተው አርጥበው ያንሡ፣ በደረቁ አይጥረጉ። አዲስ ወፍ ሲገዙ ከነበረችው ጋር ከመቀላቀል በፊት ቢያንስ 30 ቀን በሌላ ክፍል ይለዩዋት፤ አሮጌዋን መጀመሪያ፣ አዲሷን በኋላ እየመገቡ እጅ መታጠብ።

አዲስ አበባ ዛፍ ላይ የማያቸውን አረንጓዴ ትናንሽ በቀቀኖች ይዤ ማሳደግ እችላለሁ?

እነሱ ባጂ አይደሉም። ክንፋቸው ከሥር ጥቁር፣ የወንዱ ግንባር ቀይ የሆነው ላቭበርድ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኝ ነው፤ የጽድና የሾላ ፍሬ ይበላል። የዱር ወፍ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው፣ ዝርያውም በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ላይ ሰፍሯል። ባጂ ከዚያ ዝርዝር ውጭ ከሆኑት ጥቂት በቀቀኖች አንዷ ናት። ገበያ ላይ «ከዱር የመጣች» ብሎ የሚሸጥ ካጋጠመዎ አይግዙ፤ አድጋ የተያዘች የዱር ወፍ እጅ አትለምድም፣ ብዙዎቹም በፍርሃት ምግብ አቁመው በቀናት ውስጥ ይሞታሉ።